የክረምቱ ችግኝ በጋውን እንዲሻገር

እንደ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለምትኖሩ፦ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ችግኝ በእጅጉ የሚፈተነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ መስከረም ሳያልቅ የእድሩ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ፣ ችግኙን የሚያጠጣው፣ አጥሩን የሚጠግነውና የደረቀውን የሚተካው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ቢስማማ ይመረጣል፤ የቃል ስምምነት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳልና።

ውኃን በተመለከተ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ እንዲያድግ ይረዳል። ለዚህም ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከታች በቀጭን ምስማር በስቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ከግንዱ ጥቂት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል (አዲስ ጀሪካን ውጭ ማሳደር ግን አይመከርም፤ አሮጌው ይሻላል)። ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ወይም በጭድ መሸፈን እርጥበቱን ያቆየዋል፤ ሽፋኑ ግንዱን ከነካው ግን ልጡ ሊበሰብስ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ሲያጋጥም ነዋሪው ራሱ ከመቁረጥ ተቆጥቦ ለሚመለከተው ክፍል ያሳውቅ።