በዓይን ጥርት ያለው ጨረቃ ካሜራ ላይ ለምን ይደበዝዛል? የቴሌስኮፕና የካሜራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በቴሌስኮፑ በዓይን ሲታይ የጨረቃ ጉድጓድ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ካሜራው ሲገጠም ግን ብዥታ ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል ብሎ ጥግ ያስይዘዋል፣ ወይም ሌላ ውድ ዕቃ ያዛል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ አንሱ። የምናገረው ብዙ ጀማሪ እጅ ስለሚገኘው፣ በመስታወት ስለሚሠራው የኒውተን ቴሌስኮፕ (መስታወቱ 130፣ የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊ ሜትር) እና ሌንሱ ስለሚፈታ ካሜራ ነው።

ምልክት፦ ፎከሰሩ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገብቶም ኮከቡ ነጥብ አይሆንም

ፎከሰር የዓይን ሌንሱን ወይም ካሜራውን የሚይዘው፣ ምስሉን ለማጥራት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀሰው ቱቦ ነው። ማዞሪያውን ወደ ውስጥ ስታዞሩ የኮከቡ ክብ እያነሰ ይሄዳል፤ ግን ነጥብ ሳይሆን ፎከሰሩ ይቆማል። ምስሉ የሚጠራው ካሜራው ሊደርስበት ከማይችል ቦታ፣ ወደ ቱቦው ቀረብ ብሎ ነው ማለት ነው። በዓይን ለማየት የተሠራ ቴሌስኮፕ ምስሉን ከፎከሰሩ አፍ ብዙም ሳያርቅ ይሠራል። የካሜራው ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀመጠው። በካነን ኢኤፍ ካሜራ ከመግጠሚያው ቀለበት እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር አለ፤ ቲ-ሪንግ የሚባለው ማገናኛ 11 ይጨምርና 55 ይሆናል። በኒኮን ኤፍ 46.5 እና 8.5 ነው፣ ድምሩ ያው 55።

ስንት እንደጎደላችሁ ለማወቅ ካሜራውን አውርዱ። ፎከሰሩን እስከ መጨረሻ አስገቡና ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አዙሩ (ወደ ፀሐይ በፍጹም፤ ዓይንም ሴንሰርም ያቃጥላል)። ስስ ነጭ ወረቀት ከፎከሰሩ አፍ ፊት ያዙና ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ ጨረቃ ጥርት ብላ የምታርፍበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ከአፉ እስከዚያ ያለውን ለኩ። 55 እና የአዳፕተሩ (ካሜራውን ፎከሰሩ ውስጥ የሚያስገባው ቱቦ) ከንፈር ውፍረት ከዚህ ከበለጡ፣ ልዩነቱ የጎደላችሁ ነው።

ጥቂት ከሆነ የፎከሰሩን ጫፍ ፈትታችሁ እዩ። ብዙ ፎከሰሮች ከዓይን ሌንስ መያዣው ሥር ለቲ-ሪንግ የሚሆን ጥርስ አላቸው፤ መያዣውን አውጥታችሁ ካሜራውን በቀጥታ ስታስሩት ያ ሁሉ ርዝመት ይተርፋል። ካልበቃ ባርሎው ሌንስ (ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) ምስሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እጥፍ የሚያደርገው ባርሎው ግን ብርሃኑን በአራት ስለሚያሳሳው ለጨረቃና ለፕላኔት እንጂ ለኔቡላ (ለደብዛዛው የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና) አልመክረውም። ለኔቡላ የሚሻለው ከታች ያለውን ዋና መስታወት በረዘሙ ብሎኖች ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ የጎደለውን ያህል ብቻ አንሱ፣ ከዚያም መስታወቶቹን እንደገና አስተካክሉ። በዓይን ለማየት ስትመለሱ ማራዘሚያ ቱቦ ያስፈልጋችኋል።

በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፎከሰሩ እስከ ውጭ ወጥቶም አይጠራም፤ ብርሃኑን ወደ ዓይን ሌንሱ የሚያጥፈው መስታወት ይዞት የነበረው ርቀት ስለጠፋ ማራዘሚያ ቱቦ ጨምሩ።

ምልክት፦ ቲ-ሪንጉ አንድ ሁለት ዙር ገብቶ አልዞር ይላል

አታስገድዱት። የቲ-ሪንግ ጥርስ 42 ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.75 ሚሊ ሜትር እርምጃ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) አለው። ለድሮ የካሜራ ሌንስ የተሠራው ቀለበትም 42 ነው፣ እርምጃው ግን 1 ሚሊ ሜትር። በዓይን አይለዩም፤ ሲገዛ 0.75 መሆኑን ጠይቁ።

ምልክት፦ የምስሉ ጥግ ይጨልማል

31.7 ሚሊ ሜትር የሆነው ጠባብ አዳፕተር ብርሃኑን እየቆረጠው ነው። የአነስተኛ ሴንሰር ሰያፍ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሊያልፍ ይችላል፤ የትልቁ ሴንሰር 43 ነውና አያልፍም። ፎከሰራችሁ ከተቀበለ የ50.8ቱን ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ኮከቡ ተሰንጥቆ ወይም ተጎትቶ ይወጣል

ሁለት ኮከብ የሚመስለው ከንዝረት ነው። በ2 ወይም በ10 ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ፣ የካሜራውን መስታወት አስቀድማችሁ አስነሱ። ፎከሱ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ የካሜራው ክብደት ፎከሰሩን እየጎተተው ነውና ማሰሪያ ብሎኑን አጥብቁ፤ የቴሌስኮፑንም ሚዛን ካሜራው ከተገጠመ በኋላ አስተካክሉ።

መስመር የሚሆነው ግን ሰማዩ ስለሚዞር ነው። በ650 ሚሊ ሜትር፣ የሴንሰሩ ፒክስል 4 ማይክሮን ከሆነ፣ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ሰማዩን በሚከፍለው መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ በአንድ ሴኮንድ 12 ፒክስል ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ኮከቡን የሚከተል ሞተር የግድ ነው፤ በትክክል እንዲከተል ደግሞ የቋሚው (ቴሌስኮፑን የተሸከመው ክፍል) ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መነጣጠር አለበት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትነሳ እንጦጦ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይሸፍናታል። ያለ እሷም ይቻላል፦ በደቡብ በኩል፣ ሰማይ መሃል ላይ፣ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ ያዙና ጥቂት ደቂቃ ተከታተሉት። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ የቋሚው ዘንግ ወደ ምሥራቅ በዝቷል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ማመጣጠኛ ክብደቱ በዚህ ዝቅተኛ ዘንግ የትሪፖዱን እግር የሚመታ ከሆነ፣ ቋሚው ከፈቀደ፣ ክብደቱ በሁለት እግሮች መካከል እንዲወርድ ትሪፖዱን አዙሩት።