ለፊልም የሚሆን ያገለገለ ካሜራ እንዴት ይገዛል?

ያገለገለ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሞዴሉ ሳይሆን በሒሳቡ ነው። ያለውን ብር ሁሉ ቦዲው (ሌንስ የሌለው የካሜራ አካል) ላይ ያወጣና ሌንሱ፣ ማይኩ፣ ትርፍ ባትሪው ሲጎድል ቀረጻው ይቆማል። ስለዚህ ገበያ ሳትወጡ በጀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ ቦዲው ከግማሹ አይለፍ። 100 ሺህ ብር ካላችሁ የምትፈልጉት የ50 ሺህ ብር ካሜራ ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

ካሜራው ስታንድ ላይ ውሎ ተዋንያን የሚነጋገሩበት አጭር ፊልም ከሆነ ፎከሱን በእጅ ስለምትይዙት የአውቶ ፎከሱ (ካሜራው በራሱ ምስሉን የሚያጠራበት) ድክመት አያሳስባችሁም። ብቻችሁን እየተሯሯጣችሁ ዘጋቢ ፊልም የምትሠሩ ከሆነ ግን አስተማማኝ አውቶ ፎከስና የኢርፎን መሰኪያ ከ4ኬ (በጣም ጥርት ያለ የቪዲዮ ጥራት) ይበልጡባችኋል።

ካኖን 80ዲ (2016) 4ኬ የለውም፤ ነገር ግን ፊት ተከትሎ ፎከስ ያደርጋል፣ ማይክም ኢርፎንም ይሰካበታል። ሥራው በስልክ የሚታይ ከሆነ ይበቃል። ጉድለቱ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻውን በራሱ ማቆሙ ነው፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የረሳ ሰው ጥሩውን መልስ ያጣል።

ፓናሶኒክ ጂኤች5 (2017) ለፊልም ሠሪ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። 4ኬ በ10 ቢት (ኋላ ለማስተካከል በሚመች የቀለም ዝርዝር) ይቀርጻል፣ ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፣ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) አለው፣ ምስል ወደ ቴሌቪዥን የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ መሰኪያውም ትልቁ ዓይነት ስለሆነ ቶሎ አይላላም። በጨለማ ምስሉ ይሻክራል፤ ተንቀሳቃሽ ሰው ላይ አውቶ ፎከሱ ይዋዥቃል።

ሶኒ ኤ6300 (2016) ምስሉ ያማረ ነው፤ ግን በ4ኬ ሲቆይ ይግላል፣ ኢርፎን አይሰካበትም፣ ካሜራውን ቶሎ ስታዞሩም ምስሉ ላይ ቀጥ ያለ ምሰሶ ያጋድላል። ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ (2018) ለተዘጋጀ ቀረጻ ግሩም ነው። ባትሪ ይበላል፤ አንዱ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ ላይደርስ ይችላል። ይህን ካሜራ ስትገዙ ከአዲሱ ጋር አብሮ የሚመጣውን የዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ (የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) መክፈቻ ቁጥር ሻጩን ጠይቁት።

ትከሻ ላይ የሚደረጉት የካሴት ካሜራዎች ርካሽ ቢሆኑም ይቅሩባችሁ።

2. ይዛችሁ የምትሄዱት

የራሳችሁ ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ (የመጻፍ ፍጥነቱን የሚያሳይ ቪ30 የሚል ምልክት ያለው)፣ ማይክ፣ ኢርፎን፣ ለካሜራው የሚሆን የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ነጭ ወረቀትና የሚያበራ መብራት ያለው የእጅ ስልክ። ሻጩ «ሻተሩ ገና 5 ሺህ ነው» ቢላችሁ አትደሰቱ፤ ቁጥሩ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ፎቶ ሲነሣ ስንት ጊዜ እንደሠራ ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሻተሩ ተከፍቶ ስለሚቆይ ለዓመታት ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራም ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

3. ሙከራው

ከሴንሰሩ ጀምሩ። የሌንሱን ክዳን ሳታነሡ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) 1600 አድርጋችሁ 10 ሰከንድ ቅረጹ። ቪዲዮውን ስታዩት ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነጥቦች ካሉ ፒክስሎቹ ተጎድተዋል። አንድ ሁለቱ በካሜራው ማስተካከያ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ብዙ ከሆኑ ግን ተዉት። ቀጥሎ ክዳኑን አንሡና አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 16 አጥብቡ፤ ምስሉ እንዲደበዝዝ ፎከሱን አዛብታችሁ ነጩን ወረቀት ሙሉ ስክሪኑን አስሞሉት። ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጭን ጭረት ግን ሲጸዳም አይለቅም። ከላይ እስከ ታች የወረደ ባለ ቀለም መስመር ካያችሁ ደግሞ ምናልባት የኮንሰርት ወይም የዳንስ ቤት ሌዘር ሴንሰሩን አቃጥሎታል፤ ለዚያ ቅናሽም አይበቃውም።

ከዚያ መሰኪያዎቹ። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው። ማይኩንና ኢርፎኑን ሰክታችሁ ቀረጻ አስጀምሩ፤ የማይኩን ጃክ በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። «ክርርር» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ድምፁ ከጠፋ መሰኪያው ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደበት ቦታ ላልቷል። የሚላላው ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ብየዳው ስለሚሳብ ነው፤ ለመጠገን ካሜራው መፈታት አለበት። ኢርፎን በማይሰካበት ካሜራ ቀርጻችሁ ኋላ አዳምጡት። የኤችዲኤምአይ ገመዱንም ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት የለበትም።

መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው ሴንሰር ያለው ካሜራ ጠፍቶ ሲወዘወዝ ውስጡ «ቋ» ይላል፤ ይህ ጤነኛ ነው። በርቶ ስታንድ ላይ እያለ የምስሉ ጥግ ከተንቀጠቀጠ ግን ብልሽት ነው።

በመጨረሻ የሜሞሪውንና የባትሪውን በር ዘግታችሁ ሜሞሪያችሁ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት 30 ደቂቃ ገደማ ያለማቋረጥ ቅረጹ (80ዲ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቢቆም ብልሽት አይደለም)። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ካሜራው ግሎ ከጠፋ አወቃችሁት ማለት ነው። ባትሪው ከ60 በመቶ በአንዴ ወደ 20 ከወረደ ያረጀው ባትሪው ነውና ዋጋ አስቀንሱበት።

ሌንሱን በስልኩ መብራት ከኋላው አብርታችሁ ከፊት እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፤ እየቆየ ይስፋፋል።

4. ፓልና ኤንቲኤስሲ

ፓል በሰከንድ 25 ወይም 50፣ ኤንቲኤስሲ ደግሞ 30 ወይም 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀረጽበት ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ25 ፍሬም ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ስታደርጉት እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ርግብግቢት ይይዛል፤ ምስሉ ይረጋል። በ30 ፍሬም በ1/60 ግን ግድግዳው ላይ የሚሄድ ጥላ ይፈጠራል። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ካሜራ በኤንቲኤስሲ ሊመጣ ስለሚችል ሜኑው ውስጥ ወደ ፓል መቀየሩን እዚያው ሞክሩ። ሶኒ ኤ6300 ሲቀየር ሜሞሪው እንዲፎርማት (ያለበት ሁሉ እንዲጠፋ) ይጠይቃል፤ የሌላ ሰው ቀረጻ ያለበትን አታስገቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ውስጥ ሜኑው ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይቀበል አለ።

5. ሜሞሪ

በ100 ሜጋቢት የሚቀረጽ 4ኬ በሰዓት 45 ጊጋ ይወስዳል፤ ባለ 64 ጊጋው አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ርካሽ ሜሞሪ 128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ የቀረጻችሁት ይበላሻል። አዲስ ሜሞሪ ስትገዙ ጢም አድርጋችሁ በቪዲዮ ሙሉት፣ ወደ ኮምፒውተር መልሱት፣ መጨረሻ ላይ የገባው ፋይል መከፈቱን እዩ።

ካሜራውን የሚገዛላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ከሆነ ይህንኑ ሙከራ በቪዲዮ እየተደዋወላችሁ አስደርጉት። እዚሁ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ሰጥታችሁ፣ የካሜራውን መለያ ቁጥር ሽያጭ ወረቀቱ ላይ አስጽፋችሁ፣ የቀረጻችሁትን 30 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ ከዳር እስከ ዳር እዩት፤ ቀሪው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።