ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሰንሩፍ ማስቆረጥ፦ የረጠበ ወለልና ሌሎች ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ሐምሌ በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት መኪና ጋራዣችን ደጅ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ነው፤ ከተገዛ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጣሪያው እዚሁ አገር ውስጥ ተቆርጦ ሰንሩፍ (የሚከፈት የጣሪያ መስታወት) ተገጥሞለታል። ባለቤቱ በሩን ይከፍትና ሞኬቱን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። በጥፍሩ ዙሪያ ውኃ ብቅ ይላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ደሴም ኮምቦልቻም ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ብዙ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ዝቅተኛ ደረጃ ይገዛል፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሩፍ የለውም። ከዚያ «አስቆርጬ ላስገጥም ወይ?» ብሎ ይመጣል። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ አታስቆርጡ። ሰንሩፍ ከወደዳችሁ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ግዙ። አንዴ ላስቆረጣችሁ ግን ከዚህ በታች ያለው ይጠቅማችኋል። ፊውዝ ማየት፣ የባትሪ ተርሚናል ማጥበቅ የሚባለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ወለሉ ይረጥባል፣ መኪናው ሻጋታ ይሸታል፣ ቁልቁለት ላይ ከጣሪያው መብራት ውኃ ይወርዳል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የሰንሩፍ ጎሚኒ (በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ውኃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። ትንሽ ውኃ ሁልጊዜ ያልፈዋል። ያለፈውን ውኃ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን የተሠራ አሸንዳ ይቀበለዋል። አሸንዳው አራቱም ማዕዘን ላይ ቀዳዳ አለው። ከየቀዳዳው ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ሁለቱ ከፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ በኋላ ምሰሶዎች ውስጥ ያልፋሉ። ውኃው በእነሱ ወርዶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ መኪና ውስጥ ውኃ ከገባ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው።

ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ጎሚኒው ላይ ነው። አንድ ሲሊኮን ይገዛና ዙሪያውን ይለቀልቀዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ገበያ ላይ የሚበዛው ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት አሲድ ያወጣል። አዲስ የተቆረጠ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገት ይጠራል። ፍርፋሪው ደግሞ አሸንዳው ውስጥ ገብቶ የቱቦውን አፍ ይዘጋዋል። ሲሊኮን የተለቀለቀ ሰንሩፍ ሲመጣልኝ ሥራው እጥፍ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እፍቃለሁ፣ ከዚያ ዋናውን ችግር እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። ደሴ ላይ መኪና ሜዳ ላይ አያድርም። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ዳገት ነው። የመኪናው አፍንጫ ወደ ታች ከሆነ ውኃው ወደ ፊተኞቹ ቀዳዳዎች ይሄዳል። ወደ ላይ ከሆነ ወደ ኋለኞቹ። አራቱ ቱቦዎች እኩል ሥራ የላቸውም ማለት ነው። ቤታችሁ በር ላይ ያለው ተዳፋት አንዱን መርጦ ያሠራዋል።

አንዲት እናት መኪናቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የፊት መስታወቱን ሁለት ጊዜ አስነቅዬ አስለጠፍሁት። አሁንም የጋቢናው እግር ሥር ውኃ ነው» አሉኝ። መስታወቱን አየሁት፤ ምንም አልሆነም። «እትዬ፣ መኪናው የት ነው የሚያድረው?» አልኋቸው። ቁልቁል፣ አፍንጫው ወደ አስፋልቱ። «እንግዲያው ለሦስት ሌሊት አዙረው ያሳድሩት» አልኋቸው። ሦስቱንም ሌሊት ዝናብ ነበር። ወለሉ ጠብታ አልጨመረም። የፊት ቀኙ ቱቦ ነበር የተዘጋው። ከውስጡ የወጣው አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጋግሮ እንደ ጭቃ ክር ሆኗል። ለሁለት የመስታወት ሥራ የከፈሉት ገንዘብ አሁንም ያንገበግበኛል። ችግሩ የት እንዳለ ካላወቃችሁ መኪናውን አዙራችሁ አሳድሩት። ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ነው። «ደሴ አድሬ ስወርድ ፍሬን በነካሁ ቁጥር ጭኔ ላይ ውኃ ይወርዳል» አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው ከ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ፍሬን እንደተያዘ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ሌሊቱን አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በአንዴ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ መውጫ ሲያጣ በመብራቱ ቀዳዳ ይወርዳል። የጣሪያውን ጨርቅ አወረድነው። የኋላ ቱቦዎቹ አሉ፤ ግን መጨረሻቸው የትም አይደርስም። የገጠመው ሰው ጫፋቸውን ምሰሶው ውስጥ ስፖንጅ መሀል ሸጉጦ ትቷቸዋል። የፊተኞቹ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ተጨምድደዋል። ርካሽ ቱቦ የኮምቦልቻን ፀሐይ አይችልም፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ደንበኛው የሚያየው መስታወቱን ብቻ ስለሆነ የሚከፍለውም ለእሱ ይመስለዋል።

ፍተሻው። ሰንሩፉን ክፈቱ። አንድ የቡና ሲኒ ውኃ በቀስታ አንዱ ማዕዘን ላይ አፍስሱ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ይይ። ወዲያው ሲፈስ ካየ ያ ማዕዘን ደህና ነው። ከቆየ ወይም ጨርሶ ካልወጣ ዝግ ነው። ውኃው ከሥር ሳይሆን ውስጥ ከወጣ ቱቦው ተነቅሏል። አራቱንም ለየብቻ ፈትሹ። በጆግ አታፍስሱ፤ አሸንዳው ሞልቶ ሲገነፍል ደህናውንም የተበላሸ ያስመስለዋል።

መፍትሄው። ወፍራም የናይሎን ክር ፈልጉ፤ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱበት ዓይነት። ጫፉን በእሳት ነካ አድርጋችሁ አድቦልቡሉት። ከላይ አስገብታችሁ በትዕግሥት እያሽከረከራችሁ ግፉት። ሽቦ አታስገቡ፤ ቱቦውን ይበሳዋል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉ። ይህን አጥብቄ ነው የምላችሁ። ቱቦው ከአሸንዳው ጋር የሚያያዘው ተሰክቶ ብቻ ነው፤ ንፋሱ ምሰሶው ውስጥ ይነቅለዋል። ከዚያ ለመመለስ የጣሪያው ጨርቅ መውረድ አለበት። የተሰነጠቀ ቱቦ አይለጠፍም፤ ሙሉውን ቀይሩ።

ከዚያ ማድረቅ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሞኬቱ ላይ ፎጣ መጣል ማድረቅ አይደለም። ከሞኬቱ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ውኃውን ለሳምንታት ይይዘዋል። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር በራሱ ሳጥን የታሸገ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይነካም። የሚጎዱት ከሞኬቱ ሥርና ከወንበር ሥር ያሉት ሶኬቶችና የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች ናቸው። አንድ መኪና ጠዋት ጠዋት ዲ (ወደ ፊት መሄጃው ማርሽ) አልገባም እያለ ስንት ቦታ ዞሯል። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ተቀይራለች፣ ኮምፒውተር ተሰክቷል። እኛ ጋ ሲመጣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለውን ሶኬት ነቀልነው። ከእግሮቹ ሁለቱ አረንጓዴ ሆነው ተበልተዋል። ውኃው የገባው ከወራት በፊት ነው፤ ባለቤቱ «ደርቋል» ብሎ ረስቶታል።

ስለዚህ ወንበሩ ይውጣ፣ ሞኬቱ ይነሳ፣ ስፖንጁ ውጭ ፀሐይ ላይ ይዋል። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ከመጀመራችሁ በፊት መኪናውን አጥፉ፣ የ12 ቮልቷን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍቱና ትንሽ ጠብቁ። ከወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት) ነው፤ ባትሪው ሳይፈታ አትንቀሉት። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍበት ነው፤ ይገድላል። አትንቀሉ፣ አትጥረጉ፣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አትንኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስጠንቀቂያ ከበራ ቻርጅ ላይ አትሰኩት፣ ራሳችሁም አትፍቱት፤ ሥልጠናው ላለው ሰው ስጡ።

ምልክት፦ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፣ መኪናው ግን ጠዋት አይነሳም

ይህም ይደጋገማል። ኤሌክትሪክ መኪና የሚነቃው በትንሿ ባትሪ ነው። እሷ ካለቀች ትልቁ 80 ፐርሰንት ቢሆን ምንም አይጠቅማችሁም። የተጨመረ ሰንሩፍ የራሱ ሞተርና የራሱ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለው። ገጣሚው ቸኩሎ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ይወስደዋል። ሳጥኑ ሌት ተቀን አይተኛም። ግማሽ አምፒር ብቻ ቢስብ 45 አምፒር-ሰዓት የተጻፈባት ባትሪ በአራት ቀን ባዶ ናት። አንዳንዱ መኪና ቆሞም ትንሿን ከትልቁ ይሞላታል፤ ያኔ የምታዩት ቆሞ ያደረ መኪና ፐርሰንት ሲቀንስ ነው።

የኔጌቲቩን ሽቦ ፍቱና ቴስተራችሁን በሽቦውና በባትሪው መሀል አስገቡ። በሮቹን ዝጉ፣ ቁልፉን አርቁ። መኪናው እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ሳይተኛ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ ከቀረ የሰንሩፉን ፊውዝ ንቀሉና እንደገና እዩ። ከወረደ ሌባው እሱ ነው። መፍትሄው የሰንሩፉን ሽቦ መኪናው ሲጠፋ አብሮ ከሚጠፋ መስመር፣ በራሱ ፊውዝ ማስገባት ነው። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ እሳት መቅበር ነው። ባትሪ መቀየር መፍትሄ አይደለም፤ አዲሷም በአራት ቀን ታልቃለች።

ሌሎቹ ባጭሩ

የንፋስ ፉጨት፦ መስታወቱ ከጣሪያው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ በእኩል አስተካክሉት። ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ስለሌለ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ትንሹም ፉጨት ጎልቶ ይሰማል።

ግማሽ ላይ መቆም፦ አሸዋ ሐዲዱ ውስጥ ገብቷል። ጠርጋችሁ ለሐዲዱ የሚሆን ቅባት ቀቡ። ያገለገለ ዘይት አትቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል።

የዝገት ቀለበት፦ የተቆረጠው ጠርዝ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ተዘግቷል። ፈትቶ፣ ፍቆ፣ ቀብቶ መመለስ ነው። ላዩን ስቱኮ መምታት ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም።

ሙቀት፦ ባቲና ቆቦ የምትመላለሱ ከሆነ መጋረጃ የሌለው መስታወት ኤሲውን ያደክማል፤ ኤሲው ከሚያስነዳችሁ ባትሪ ነው የሚበላው።

ምልክት፦ ኮብልስቶን ላይ ጣሪያው ይንቋቋል፣ በሮች ሲዘጉ ይይዛሉ

ይህን ጋራዥ አይፈታውም። ጣሪያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፉ ድልድዮች አሉ። መኪናው ቢገለበጥ ክብደቱን ተሸክመው ጭንቅላታችሁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሰንሩፉ አልገባ ሲል ገጣሚው በግራይንደር ይቆርጣቸዋል። ከጣሪያው ጎንና ጎን ደግሞ እንደ መጋረጃ የሚወርዱት ኤርባጎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጨርቁ በግዴለሽነት ሲወርድና ሲመለስ መያዣቸው ይሰበራል። አንድ መኪና ላይ ኤርባጉ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሽቦ ጋር ተጠፍሮ አግኝቻለሁ። የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ ነበር። ባለቤቱን ጠርቼ በዓይኑ አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም።

እንዲህ ያለውን በብየዳ እናጠናክረው የሚላችሁ ይኖራል። ከታች ባትሪ፣ ከላይ ኤርባግ ያለበትን መኪና ለብየዳ አትስጡ። ድልድዩ ከተቆረጠ ያለው ምርጫ ሙሉ ጣሪያውን በዋናው ዕቃ ማስቀየር ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው።

ብርሃኑን ብቻ ለምትፈልጉ፣ ከፋብሪካው የማይከፈት የመስታወት ጣሪያ ያላቸው መኪኖች አሉ፤ የፎልክስዋገን አይዲ 4 እንዲህ ያለው ዓይነት አለው። የማይከፈት ስለሆነ አሸንዳም ቱቦም አያስፈልገውም።

ላስቆረጣችሁት የሲኒውን ፍተሻ በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉት። ወሎ ላይ በልግም ይዘንባል፤ ስለዚህ አንዴ በጥር መጨረሻ፣ አንዴ በሰኔ መጀመሪያ። ባሕር ዛፍ ሥር የምታቆሙ በኅዳርም ጨምሩበት።