በየቀኑ የሚወሰድ የአለርጂ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ኤፕሪል በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው አንድ ነው፦ "ለአለርጂ የቱን ልግዛ?" ለሁሉም በየተራ ስመልስ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሰሞን ግን አሜሪካ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ተሳፋሪ ይዞ ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ጣለው። የቀሰቀሰው ከኋላው ያለው መኪና ክላክስ ነው። ለካ ጠዋት ጠዋት ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለውን የሚያስተኛ የአለርጂ ኪኒን እየዋጠ ነበር ሥራ የሚወጣው። "አለርጂ የሚል አይቼ ነው የገዛሁት" አለኝ። ስለዚህ ይኸው፣ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ አሥራ አንድ የጸደይ ወቅት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ።

"ሀገር ቤት እያለሁ እኮ አለርጂ የሚባል አላውቅም" የማይል የለም። እውነት ነው። ሰውነት የአዲሱን አገር የአበባ ብናኝ ለይቶ መቆጣት እስኪጀምር አንድ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ ብላችሁ አትዘናጉ። በዋሽንግተን አካባቢ ከማርች እስከ ሜይ የዛፍ ነው፤ መኪናችሁን ቢጫ ዱቄት የሚያለብሰው እሱ ነው። ቀጥሎ የሳር ይመጣል። ከኦገስት አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም አለ። እንግዲህ ይህ እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ ነገር አይደለም፣ ወራት ይፈጃል። ዓይንና አፍንጫ እያሳከከ፣ ትኩሳት ሳይኖር በተከታታይ የሚያስነጥስ ከሆነ "ሳይነስ ነው" ብላችሁ ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። እባካችሁ።

ወደ ኪኒኑ ስንመጣ የድሮና የአዲስ የሚባል አለ። የድሮዎቹ ዳይፈንሃይድራሚንና ሀገር ቤት የምናውቀው ክሎርፌኒራሚን ናቸው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራሉ፣ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። አረጋዊ ወላጅ ያመጣችሁ በተለይ ስሙኝ፦ ሽማግሌ ላይ ሽንት ይይዛሉ፣ ግራ መጋባት ያመጣሉ። በየቀኑ የሚወሰዱ አይደሉም። "ፒኤም" ተብለው ለሌሊት የሚሸጡት የሕመም ማስታገሻዎች ውስጥም ብዙ ጊዜ ያው ዳይፈንሃይድራሚን አለ። ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ።

ለየቀኑ የሚሆኑት አዲሶቹ ናቸው፦ ሎራታዲን፣ ሴቲሪዚንና ፌክሶፌናዲን። ሦስቱም በቀን አንዴ የሚወሰድ ዓይነት አላቸው፣ ሦስቱም ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣሉ። ሴቲሪዚን ቶሎ ይሠራል፤ ግን አንዳንዱን ሰው ያስተኛል። ሎራታዲን ለስለስ ያለ ነው። ፌክሶፌናዲን ከሦስቱ እንቅልፍ የማምጣት ኃይሉ ትንሹ ነው፤ ነገር ግን በውኃ ብቻ ዋጡት። የብርቱካንና የአፕል ጁስ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። "አልሠራልኝም" ከሚሉኝ መካከል ቁርስ ላይ በጁስ የሚውጡት ብዙ ናቸው። እኔን ብትሰሙኝ መኪና የምትነዱና የሌሊት ሺፍት ያላችሁ ከፌክሶፌናዲን ወይም ከሎራታዲን ጀምሩ።

ሴቲሪዚን ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ አንድ ነገር እወቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሜይ 2025 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሴቲሪዚንን ወይም ወንድሙን ሌቮሴቲሪዚንን በየቀኑ ለወራት ወይም ለዓመታት ወስደው ድንገት ካቆሙት መካከል ጥቂቶቹ ላይ ከባድ የሰውነት ማሳከክ ታይቷል። ብዙ ጊዜ የሚገጥም አይደለም። ግን በዓመት አራት ወር ለሚያስቸግር ነገር አሥራ ሁለት ወር ሙሉ መዋጥ ምን አመጣው?

ከስሙ ጀርባ "ዲ" ያለበትን ለየቀኑ አትግዙ። ዲው ሱዶኤፌድሪን ነው፤ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከፋርማሲስቱ ጀርባ ተቀምጦ መታወቂያ ተጠይቃችሁ የምትፈርሙበትም እሱ ነው። ግፊት እያለባቸው "ይሄኛው ጠንከር ይላል" ተብለው የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ዓመቴ አፍንጫዬ ሙሉ በሙሉ ተደፈነ። ሌሊት በአፌ ስተነፍስ አድር ነበር። ዳማከሴም ሞከርኩ፣ ባሕር ዛፍም ታጠንኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትንሽ የሚነፋ ጠርሙስ ሰጠኝ፦ ኦክሲሜታዞሊን። በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫዬ ወለል አለ። በዚያ ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ። በማግስቱ የራሴን ገዛሁ። በሳምንቱ በቀን ሁለቴ የነበረው አራቴ ሆነ። በወሩ አንዱ ጠርሙስ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ኮት ኪስ ውስጥ፣ አንዱ ትራስ ሥር ነበር። ካልነፋሁት አየር የሚባል የለም። አለርጂው የጠናብኝ መስሎኝ ነበር። የአበባው ወቅት አልፎ በረዶ ጥሎም አልለቀቀኝም። አምስት ወር! ሐኪም ለማየት ስደውል ክሊኒኩ ወደ ኢንሹራንሱ፣ ኢንሹራንሱ ወደ ክሊኒኩ እየመራኝ ስድስት ሳምንት ባከነ። በመጨረሻ ያየችኝ ነርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ይህን ስንት ጊዜ ተጠቀምክበት?" የደፈነኝ መድኃኒቱ ራሱ ነበር። የአፍንጫን ደም ሥር ያኮማትራል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ደም ሥሩ መልሶ ያብጣል፤ እንደገና ትነፋላችሁ። ሣጥኑ ላይ ከሦስት ቀን በላይ አትጠቀሙ ተብሎ ተጽፏል። አላነበብኩትም። ለመላቀቅ የስቴሮይድ ስፕሬይ አዘዘችልኝና በመጀመሪያ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከዚያ በሌላው አቆምኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን ነው!

የስቴሮይድ ስፕሬይ ሌላ ነገር ነው፤ አታምታቷቸው። ፍሉቲካሶንና ትራያምሲኖሎን ያለ ማዘዣ ይገኛሉ። ዋናው ችግራችሁ መደፈን ከሆነ ከኪኒን የተሻለ ይሠራሉ። በደቂቃ አትጠብቁ፣ ቀናት ይፈልጋሉ። በየቀኑ መነፋት አለባቸው፤ ወቅቱ ከመግባቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብትሉ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጫፉን ወደ ጆሮ በኩል አዙሩት። የመሐሉን ግድግዳ ከነፋችሁት ይደማል። በየቀኑ ስድስት ወር ከሞላችሁ ሐኪም ይያችሁ።

ለብራንድ ስም አትክፈሉ። ከሣጥኑ ጀርባ "አክቲቭ ኢንግሪዲየንት" የሚለውን አንብቡ፣ ሚሊግራሙን አስተያዩ፣ የሱቁን ርካሽ አንሡ። ኮስኮ የሚባለው ትልቅ መደብር ኪርክላንድ በሚለው የራሱ ስም 365 ፍሬ ሴቲሪዚን በአንድ ጠርሙስ ይሸጣል። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያላችሁ ደግሞ ሐኪሙን ማዘዣ ጻፍልኝ በሉት፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውንም የሚሸፍንበት ጊዜ አለ።

ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ሕመምተኛና ትንንሽ ልጆች ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ናቸው፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ማናገር በነፃ ነው፣ ቀጠሮም አያስፈልገውም። ሞንቴሉካስት የሚባለው የአስምና የአለርጂ መድኃኒት ከታዘዘላችሁም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከ2020 ጀምሮ ስለ ጭንቀት፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከባዱ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻላችሁ የአለርጂ ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ፤ በቆዳ ላይ መርምሮ የሚያስቸግራችሁን ይለያል። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ገደማ በፊት ግን ኪኒኑ መቆም አለበት፣ አለዚያ ምርመራው ምንም አያሳይም። እህቴ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። በዚያው ጠዋት ኪኒኑን ውጣ ሄደች፤ ከበር መልሰዋት ሌላ ሁለት ወር ጠበቀች። ቀጠሮ ስትይዙ ምን ምን ማቆም እንዳለባችሁ በዚያው ስልክ ጠይቁ።