የፒካፕዎን የሞተር ቺንጋ በቤትዎ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞተር ቺንጋ መቀየር ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ያም ሆኖ አዲስ የገባ ቺንጋ ብዙ ሳይቆይ ሲጮህ፣ ጠርዙ ሲላጥ ወይም ከፑሊው (ቺንጋው ከሚጠመጠምበት ተሽከርካሪ ክብ ዕቃ) ላይ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቺንጋው አይደለም፤ አሮጌው ለምን እንዳለቀ ሳይጠየቅ አዲሱ በመግባቱ ነው።

እዚህ ላይ የምናወራው በሞተሩ ፊት ለፊት ስለሚታየው፣ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰርና በብዙ ሞተሮች ላይም የውሃ ፓምፑን ስለሚያዞረው ባለ ሸንተረር ቺንጋ ነው። በሽፋን ውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ፈጽሞ ሌላ ነው። እሱ በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ የሞተሩን አሠራር ያዛባል፤ በብዙ ሞተሮችም የባሰ መዛነፍ ፒስተንና ቫልቭን ያጋጫል። ይህን ጽሑፍ ይዞ እሱን መንካት አይገባም።

“ስንጥቅ የለውም፤ ስለዚህ ደህና ነው” ማለት

ይህ አባባል ለድሮዎቹ ቺንጋዎች እውነት ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ይህ ጎማ በቀላሉ አይሰነጠቅም። እንደ መኪና ጎማ ቀስ በቀስ ይበላል። በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ቦይ ይሰፋል፤ ቺንጋውም ወደ ፑሊው ጠልቆ ይገባና መጨበጥ ያቅተዋል። ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ እየታየ ያለቀ ቺንጋ ብዙ ነው። አዲሱን ከጎኑ አስቀምጠው የቦዮቹን ስፋትና ጥልቀት ያነጻጽሩ፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ካለዎት ደግሞ የተሻለ ነው።

አሮጌውን ሳይመረምሩ መጣል

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ አሮጌው ቺንጋ የሞተሩን ችግር ጽፎ ይዞልዎታልና። አንደኛው ጠርዙ ብቻ ተበጣጥሶ ከሆነ አንድ ፑሊ ከመስመር ወጥቷል። ሸንተረሮቹ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ከሆነ ቺንጋው ሲንሸራተት ነበር፤ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያ ደክሟል ወይም አንዱ ፑሊ ለመዞር እየከበደው ነው። ጎማው አብጦ ከለሰለሰ ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ አለ። ያ ሳይጠገን የሚገባ አዲስ ቺንጋ ያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ቺንጋው የሚጮህ ከሆነ ከመፍታትዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ እጅዎንና ልብስዎን አርቀው፣ በሸንተረሮቹ በኩል ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይርጩ። ድምፁ ለጊዜው ጠፍቶ ከተመለሰ የፑሊ መዛነፍን ይጠርጥሩ። ከባሰበት ግን ችግሩ የውጥረት ማነስ ነው።

ቺንጋው ከወጣ በኋላ ደግሞ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ያሽከርክሩ። የሚያጉረመርም፣ የሚንቀጫቀጭ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ኩሽኔታ (ፑሊው የሚዞርበት ውስጠኛ ክፍል) ዕድሜው አልቋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ፑሊው አንዴ ሲገፋ ያለ አንዳች ተቃውሞ ብዙ ዙር ከዞረ “ጤነኛ ነው” ይላል። ቅባቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ኩሽኔታ በእጅ ላይ ለስላሳ፣ ትንሽ ከበድ የሚል ስሜት ይሰጣል። የመወጠሪያውም ክንድ ሳይንተከተክና ሳይቆራረጥ መሄድና መመለስ አለበት። እሱም ከአሮጌው ቺንጋ ጋር እኩል የሠራ ዕቃ መሆኑን አይርሱ።

መንገዱን ሳይመዘግቡ መፍታት

በስልክዎ ፎቶ አንሡ። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ሥዕል ካለ እሱንም ያንብቡ፤ አየር ማቀዝቀዣ ላለውና ለሌለው ሞተር ሥዕሉ ስለሚለያይ የራስዎን ይለዩ። ባለ ሸንተረሩ ገጽ ቦይ ባለው ፑሊ ላይ፣ ለጥ ያለው ጀርባ ደግሞ ለስላሳው ፑሊ ላይ ይውላል።

በዓይን ግምት መግዛት

ለምሳሌ ቺንጋ ላይ የሚጻፈው 6ፒኬ1870 ማለት 6 ሸንተረር ያለው፣ 1870 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቺንጋ ማለት ነው። ቁጥሩን ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ። ከአሮጌው ላይ ብቻ መቅዳት አያዋጣም፤ ከእርስዎ በፊት የቀየረው ሰው የተሳሳተ ቁጥር አስገብቶ ይሆናል።

ቁልፉን ሰክቶ፣ ሞተሩ እንደጋለ መሥራት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉ ይውጣ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሣ ይችላል። ለጣት ሲባል የሚባክን ደቂቃ የለም።

በካቻቪቴ እየፈለቀቁ ማስገባት

ቺንጋውን በጉልበት ፈልቅቆ ማስገባት በውስጡ ያሉትን ክሮች ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። መወጠሪያውን ረጅም እጀታ ባለው መፍቻ ቺንጋው ወደሚላላበት አቅጣጫ ይሳቡ፤ በመጨረሻ የሚያስገቡበት ፑሊ በቀላሉ እጅዎ የሚደርስበት ይሁን። ሲለቁት ቀስ ብለው ይመልሱት፤ ፈንጥሮ እንዲመለስ አይፍቀዱለት። አንዳንድ ሞተሮች መወጠሪያ የላቸውም፤ ተለጣጭ ቺንጋ የሚጠቀሙ ስለሆኑ ልዩ መሣሪያ ይጠይቃሉ።

በዕድሜ የገፉ ፒካፖች ላይ ውጥረቱ የሚስተካከለው ዲናሞውን በብሎን በመሳብ ነው። እዚህ ላይ “በደንብ ልጥበቀው” የሚለው ሐሳብ ጎጂ ነው። ከልክ ያለፈ ውጥረት የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። መመሪያው የሚለውን ልክ ይከተሉ፤ በብዙ መኪኖች ረጅሙ ክፍል መሐል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ብሎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል።

በአንድ ሸንተረር ማዛነፍ

አንዷ ሸንተረር ከፑሊው ጠርዝ ውጭ ከቀረች ቺንጋው በደቂቃዎች ውስጥ ሊበጣጠስ ይችላል። ከላይ ማየት አይበቃም፤ ታችኛው የክራንክ ፑሊ በባትሪ መብራት ይታይ፣ ጠርዙም በጣት ይዳሰስ።

ድምፅ ለማጥፋት ፈሳሽ መቀባት

ቅባት፣ ሳሙና፣ ለቺንጋ ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይም ቢሆን አይቀባ። ድምፁን ለጊዜው ይሸፍናል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ እውነተኛውንም ምክንያት ይደብቃል።

አስነሥቶ ወዲያው መንዳት

የባትሪውን ገመድ ከመለሱ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አስነሥተው ያጥፉና እያንዳንዱን ፑሊ እንደገና ይመልከቱ። ከዚያ መብራቱንና አየር ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞሩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ያዳምጡት። በጉዞ ላይ የባትሪው ምልክት በድንገት ከበራና መሪው ከከበደ ቺንጋው ወጥቷል ማለት ነው። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ከሆነ ሞተሩ በፍጥነት ስለሚግል “ቤት ድረስ ብቻ” ሳይሉ ዳር ይዘው ያጥፉት። በእጅ የሚወጠር ቺንጋ ደግሞ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚላላ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ውጥረቱን እንደገና ይለኩ።