በአንዲት ክፍል ውስጥ ዋሻ፦ ለአስፈሪ ፊልም የ3 ሜትር መሹለኪያ አሠራር

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ 4 በ5 ሜትር የሆነች ክፍል ካገኛችሁ የዋሻ ፊልም ትቀርጻላችሁ። አዳራሽ የሚያክል ዋሻ ለመሥራት አትድከሙ። ተመልካቹ ትንፋሽ የሚያጥረው ድንጋዩ የተዋናይዋን ሁለት ትከሻ ሲነካ ሲያይ ነው፤ ገንዘቡም ጉልበቱም አንዲት ጠባብ መሹለኪያ ላይ ይዋል።

እውነተኛ ዋሻ ውስጥ መቅረጽ ያጓጓል። ሶፍ ዑመርን የመሰለ፣ የዌብ ወንዝ የቦረቦረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ያለን ሰዎች ነን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የዋሻ አስፈሪ ፊልም «ዘ ዲሴንት» እንኳ አደጋውንና የሚፈጀውን ጊዜ በመፍራት የዋሻ ውስጥ ትዕይንቶቹን ለንደን አጠገብ ባለው ፓይንዉድ ስቱዲዮ በተሠራ ዋሻ ነው የቀረጸው።

መጀመሪያ የተዋናይዋን ትከሻ ለኩ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ስፋቱ ያ ነው። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። 3 ሜትሩን አንድ ወጥ አድርጋችሁ አትሥሩት፤ ባለ 1 ሜትር ሦስት ቁራጭ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሁለት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ይኑረው። መካከለኛውን ወደ ጎን ብታጣምሙት የመሹለኪያው መጨረሻ አይታይም። ቁራጮቹን ቦታ ስታለዋውጡ ደግሞ ሌላ መሹለኪያ ይወጣችኋል። አጽሙ ከ4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ይሠራ፤ ማያያዣው ሚስማር ሳይሆን ቡሎን ይሁን። ከየቁራጩ አንዱ ግድግዳ ግን ምንም ሳይታሰር ተደግፎ ብቻ ይቁም። ተዋናይዋ «በቃ» ባለች ቅጽበት ውጭ የቆመ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳው መሆን አለበት። ይህን ሳታሟሉ ማንንም አታስገቡ።

በሞራሌው ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሩና እየደፈጠጣችሁ ጎበጥ ሰርጎድ አድርጉት። የሽቦውን ጫፍ ሁሉ ወደ ውጭ እጠፉ፤ ክርን የሚቧጭረው እሱ ነው። ከዚያ የቡና ጆንያ። መርካቶ ያገለገለ ይገኛል። የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ፤ ጄሶ አይዘውም፣ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ጆንያውን 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና አርጥቡት። 1.2 ሊትር ውሃ ላይ 2 ኪሎ ያህል ጄሶ ነስንሱ። ጄሶው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፤ ውሃው ጄሶው ላይ ከፈሰሰ ይጓጉላል። ጆንያውን በጄሶው እየነከራችሁ ሽቦው ላይ ለጥፉ፤ ጄሶው እስኪጠነክር አሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ አላችሁ። ጊዜው ካነሳችሁ ውሃው ላይ ትንሽ ሎሚ ጭመቁ፤ የሎሚው አሲድ ጄሶው ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋል። የባልዲው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ከፊተኛው የተረፈ ደረቅ ጄሶ ጠርዙ ላይ ካለ አዲሱ እጃችሁ ላይ ይጠነክራል። በየጊዜው እጠቡት። ክረምት ላይ ግድግዳው ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ በእርጥቡ ቀለም ከቀባችሁ ይላጣል።

ቀለሙን ጥቁር ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይ ነው፣ ወደ ግራጫና ክሬም ያደላል። ጥቁር ቡናማ መሠረት ቀቡ፤ ሲደርቅ በጨመቃችሁት ስፖንጅ ጉብታውን ብቻ በፈዛዛ ግራጫ ዳብሱ። የማያብለጨልጭ ቀለም ይሁን። እርጥበቱን ሲቀረጽ ታመጡታላችሁ፦ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ፣ በመርጫ። ውሃ ብቻውን ቶሎ ይደርቃል፤ ግሊሰሪኑ ግን ጠብታዋን ግድግዳው ላይ ያቆያታል፤ ባትሪው ሲያርፍባት ታበራለች።

ብርሃኑ ከተዋናዮቹ የግንባር ባትሪ ብቻ የመጣ ይምሰል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ የግንባር ባትሪ የራሷን ፊት አያበራም። ፊቷን የሚያሳየው ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ነው። ስለዚህ ከፊቷ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ካሜራው የማያየው ቦታ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ነጭ ወረቀት ለጥፉ። አንገቷን ባዞረች ቁጥር ፊቷ ይጠፋል፣ ይመለሳል። በጣም የሚያምረው ይህ ነው።

የመብራታችን ፍሰት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። ርካሽ ባትሪዎች ብርሃናቸው ሲቀነስ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ያመጣሉ፤ በሙሉ ብርሃን አብሩና የበዛውን በወረቀት ሸፍኑ። በስልክ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ ስልኩ ጨለማውን ሊያነጣ ይሞክርና ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ሰፊውን ሌንስ ተዉት፣ መሹለኪያውን ያሰፋዋል። ግድግዳ ብታነሱም ለካሜራማኑ ሰውነት ቦታ ለመስጠት ብቻ ነው፤ ሌንሱ ከመሹለኪያው ውስጥ አይውጣ።

ሻማና ችቦ ፈጽሞ አይግባ። ወለል ላይ የምታነጥፉት ስፖንጅ እሳት ከያዘው ጭሱ መርዝ ነው። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮት ርቆ ይነሳ።

ድምፁን ከምስሉ ለይታችሁ ቅዱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጋብ ይላል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሞከርም። ተዋናይዋ እዚያው መሹለኪያ ውስጥ በሆዷ ትተኛ፣ ማይኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ይራቅ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተቀዳ ትንፋሽ ደረት እንዳልተጫነው ወዲያው ያስታውቃል።