ልጃችሁ የታዘዘውን መሃል ላይ ይረሳል? ትእዛዝንና የቤት ሥራን እንዴት ማቅለል እንደሚቻል

"ማሙሽ፣ ሱቅ ሂድና ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ግዛ፤ ስትመለስ የጎረቤቶቹን ሳህን አድርስላቸው፤ ከዚያ እጅህን ታጠብና ደብተርህን አውጣ።" ልጁ ስኳሩን ይዞ ይመጣል። ሳሙናው የለም። ሳህኑም ካለበት አልተነሳም። ከዚያ "ይሄ ልጅ ቀልብ የለውም!" ይባላል።

ብዙ ጊዜ ልጁ ሰምቷል። ችግሩ የተነገረው ነገር በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው በላይ መሆኑ ነው። አንድ ነገር እየሠራን ሳለን ሌላውን ለጥቂት ሰከንድ በጭንቅላታችን የምንይዝበት አቅም አለን። ሳይኮሎጂስቶች ዎርኪንግ ሜሞሪ ይሉታል፤ እዚህ የሥራ ትውስታ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ1974 አለን ባድሊና ግራሃም ሂች አሠራሩን የሚያስረዳ ሞዴል አቀረቡ። ይህ አቅም ከልጆች ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሳይኮሎጂስት ሱዛን ጋዘርኮል ለብዙ ዓመታት አጥንታለች።

ጋዘርኮልና ባልደረባዋ ትሬሲ አሎዌይ ያስቀመጡት አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ዕድሜያቸው 7 እና 8 ዓመት የሆኑ 30 ልጆች ያሉበትን ክፍል አስቡ። ቢያንስ ሦስቱ የሥራ ትውስታቸው ከአማካይ የ4 ዓመት ልጅ ጋር እኩል ይሆናል። ሌሎች ሦስቱ ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ያህል ይይዛሉ። ቲቸር ግን ለሁሉም የምትናገረው አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። እዚህ ሀዋሳ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ከ30 በላይ ልጅ መቀመጡ የተለመደ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ልጁን መቆጣት ሳይሆን ሥራውን ማቅለል ነው። እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ ልጁን ታዘቡት

ለአንድ ሳምንት ያህል ዝም ብላችሁ እዩ። የታዘዘውን መጀመሪያ ሠርቶ ቀሪውን ይተዋል? ከሰሌዳ ሲገለብጥ ቃል ይዘላል ወይስ አንዱን መስመር ሁለቴ ይጽፋል? ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መጨረሻውን ያጣዋል? ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ሲጠየቅ "ረሳሁት" ይላል? እነዚህ ተደጋግመው ከታዩ ጠርጥሩ። የጋዘርኮል ቡድን እንዳየው መምህራን እንዲህ ያሉትን ልጆች "አያዳምጥም"፣ "ሐሳቡ ይበተናል" ይሏቸዋል እንጂ ነገሩን ከትውስታ ጋር ብዙም አያያይዙትም።

በዚሁ አጋጣሚ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ። የማይሰማ ወይም ሰሌዳው የማይታየው ልጅም እንደዚሁ ነው የሚመስለው። እንቅልፉንና ቁርሱንም አትርሱ።

ትእዛዙን ቆርጣችሁ ስጡ

አንድ ነገር ተናገሩ፣ ይሥራው፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጨምሩ። ትልቅ ልጅ ከሆነ ሁለት ሁለት ማድረግ ይቻላል። ይህ አቅም ከ4 ዓመት አንስቶ እስከ 14 ወይም 15 ዓመት ድረስ እያደገ ስለሚሄድ ለታላቅየው የሚበቃው ለታናሽየው ይከብዳል።

የምትናገሩበት ቅደም ተከተል ከሚሠራበት ጋር አንድ ይሁን። "ሳትወጣ በፊት፣ ደብተርህን ከማስገባትህ በፊት፣ መብራቱን..." ማለት ልጁን ወደኋላ እንዲያስብ ያደርገዋል። ሌላም ነገር አለ። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። "ትናንት የጻፍነውንና እኔ ምልክት ያደረግሁበትን ገጽ ሦስተኛ ጥያቄ..." ስንል ልጁ ምን እንደሚታዘዝ ገና ሳያውቅ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። "ደብተርህን አውጣ። ምልክት ያለበትን ገጽ ክፈት። ሦስተኛውን ጥያቄ ሥራ።" በቃ።

መልሶ እንዲነግራችሁ፣ ሲረሳም እንዲጠይቅ አድርጉ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄንን ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ትእዛዙን ከሰጣችሁ በኋላ "እስቲ ምን አልኩህ?" በሉት። በፈተና ድምፅ ሳይሆን በጨዋታ ድምፅ። የጎደለውን ሙሉለት፣ ከዚያ ይሂድ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ "ስኳርና ሳሙና፣ ስኳርና ሳሙና" እያለ ቢሄድ አታቋርጡት። በቃል መደጋገም የተነገረውን እንዳይጠፋ አድርጎ ያቆየዋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው አስቁሞ ቢያወራው ግን ሊጠፋ ይችላል።

የሚከብደው ክፍል እኛን ትልልቆቹን ይመለከታል። ልጅ መልሶ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ እንደ ድፍረት ወይም እንደ ግዴለሽነት እናየዋለን። "ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?" የተባለ ልጅ በሚቀጥለው አይጠይቅም። ገምቶ ይሠራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሰደባል። ቀስ በቀስ ዝምታን ይመርጣል። ከሥራ ትውስታ መረጃ አንዴ ከጠፋ ልጁ ቢጨነቅም ተመልሶ አይመጣም፤ ያለው መፍትሔ እንደገና መስማት ብቻ ነው። ስለዚህ "እማዬ፣ ሁለተኛው ምን ነበር?" ሲላችሁ "ጎበዝ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው" ብላችሁ ድገሙለት። ይሄ ለአፍ ያህል የሚባል ነገር አይደለም። መርዳት ያለብን እዚያ ላይ ነው።

ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ወደ ወረቀት አውርዱ

ይህን የሂሳብ ጥያቄ ተመልከቱ። "ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ 48 ዓሣ አወጣ። 18ቱን ለሆቴል ሸጠ። የቀረውን ለሦስት ሴቶች እኩል አካፈለ። ለእያንዳንዷ ስንት ደረሳት?" ልጁ 48 ሲቀነስ 18 ይላል፣ 30 ያገኛል። እዚያ ላይ 30ው የምን እንደሆነ ይጠፋዋል። መቀነስም ማካፈልም ያውቃል። የጠፋው መንገዱ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ አጭር ነገር ይጻፍ፦ "ነበረ 48"፣ "ተሸጠ 18"፣ "ቀረ 30"፣ "ለ3"። መልሱ 10 ሆኖ ይመጣል።

የማባዣ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መቁጠሪያ ጠጠር ይኑር። ጣት መቁጠርን አትከልክሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ረዳት መሣሪያውን በቀላል ሥራ ላይ አስለምዱት። ሰንጠረዥ ላይ መፈለግ ራሱ ሐሳብ ይይዛል፤ ሳይለመድ ከባድ ጥያቄ ላይ ከመጣ ሌላ ሸክም ይሆናል።

የሚታወቀውን አብዙ

ስልክ ቁጥር አሥር አኃዝ ቢሆንም ብዙም አይከብደንም፤ "ዜሮ ዘጠኝ" እንደ አንድ ነገር ስለሚያዝ፣ ሌላውንም ጥንድ ጥንድ ስለምናደርገው። ልጅም እንደዚሁ ነው። "ሀ... ዋ... ሳ" እያለ በየፊደሉ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ፊደሉ ሲቀለው ሐሳቡ ለትርጉሙ ይተርፋል። ስለዚህ አጫጭርና የሚያውቀውን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ቋንቋም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጋዘርኮልና ባድሊ ትርጉም የሌላቸውን አዳዲስ ቃላት ሰምቶ የመድገም ችሎታ ከአዲስ ቃል መማር ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። በእኛ ከተማ ቤት ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ወይም አማርኛ ተናግሮ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ነው። ባልለመደው ቋንቋ የመጣን ጥያቄ መጀመሪያ በለመደው ቋንቋ አስረዱት። ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

ብራችሁን ለ"አእምሮ ማሠልጠኛ" ጌም አታውሉ

የጋዘርኮል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 በኮምፒውተር የትውስታ ልምምድ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ቡድኑ ራሱ ጠንከር ባለ ጥናት ሲፈትሸው ልጆቹ በትውስታ ፈተናው ላይ ቢሻሻሉም ትምህርታቸው ላይ አልታየም። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቹ ሞኒካ ሜልቢ-ሌርቮግና ቻርልስ ሁልም ብዙ ጥናቶችን ገምግመው ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ጌሙ የሚያሻሽለው ጌሙን ነው።

ቲቸርን አነጋግሩ

"ልጄ ሰነፍ አይደለም" ከማለት ይልቅ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የተዘለለውን መስመርና ጀምሮ ያልጨረሰውን ገጽ አሳዩ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ነገር ጠይቁ፦ ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ የቤት ሥራው በቃል ብቻ ሳይነገር ይጻፍለት፤ መመሪያ ከተሰጠ በኋላ አጠገቡ ያለ ልጅ ቀስ ብሎ ይድገምለት። ብዙ ልጅ ላላት መምህር እነዚህ ሦስቱ ይቻላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ አብራችሁ ደብተሩን እዩት።